በብስክሌት ከባሕር ዳር፦ ጢስ ዓባይ ወይስ ዘጌ?

ጢስ ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከፏፏቴው በፊት በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራውን የአላታ የድንጋይ ድልድይ ያገኛሉ። ፏፏቴው የሚያምረው ክረምት ወጣ ሲል ነው። በበጋ ውሃውን ኃይል ማመንጫው ስለሚወስደው ይሳሳል።

የኔ ልብ ግን ዘጌ ነው፤ ጣና ሐይቅ ውስጥ የገባው፣ ገዳማት ያሉበት ባሕረ ገብ መሬት። እዚያ በገዳማቱ ሥርዓት በሬ ተጠምዶ አይታረስም። ጫካው የተረፈውም ለዚህ ነው፤ ከጥላው ሥር ቡና ይበቅላል። ብስክሌቱን አቁመው፣ ጫማ አውልቀው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ይግቡ። የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው፤ አንገት እስኪደክም ያዩታል።

ፓምፕ አይርሱ! እኔ ረስቼ፣ ጎሚስታ አጥቼ፣ ብስክሌቴን እየገፋሁ ተመልሻለሁ። በሁለቱም በኩል፣ ሳይወጡ የመንገዱን ሰላም ይጠይቁ።