እናቴን ሳን ሳባ ለወሰደልኝ ልጅ

ቴክሳስ ያላችሁ ወገኖቼ፣ አንድ አስጎብኚ ልጅ ልጠቁማችሁ። ሳላስፈቅደው ስሙን እዚህ አልጽፍም። ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ ስልኩን እሰጣችኋለሁ።

እማዬ ከጎንደር መጥታ ዳላስ ሦስት ወር ተቀምጣ ነበር። የድሮ ነገር ነፍሷ ነው። መጀመሪያ ለሌላ አስጎብኚ ከፍለን፣ ሳን ሳባ የሚባለውን፣ የስፔን መነኮሳት ወንጌል ሊሰብኩ የሠሩትን የድሮ ሚሲዮን ለማየት ሜናርድ የምትባል ትንሽ ከተማ ሄድን። ድንጋይ ፍርስራሽ ፊት አቆመንና «የስፔኖች ሚሲዮን ይኼ ነው» አለ። በቃ። እማዬ ጉልበቷን ያማታል፤ ቀስ ብላ ስትወርድ እሱ ሰዓቱን ያያል። ስትጠይቀው «ያው ነው እማማ» ይላታል። ዶላሩን ግን ቆጥሮ ነው የተቀበለው! አሁንም ሳስበው ያበሽቀኛል።

ይኼኛው ልጅ ገና መንገድ ላይ ነገረን፦ ያያችሁት ድንጋይ የወታደሮቹ ምሽግ ነው። ሚሲዮኑ ከዚያ ወደ 4 ማይል ርቆ፣ ከወንዙ ማዶ ነበር። መነኮሳቱ ራሳቸው ናቸው ወታደሮቹ ይራቁልን ያሉት። በፈረንጆቹ 1757 አፓቼ ለሚባሉት የአገሩ ተወላጆች ብለው በእንጨት ሠሩት። አፓቼዎቹ መጥተው አዩና ሄዱ፤ አልሰፈሩበትም። ዓመት ሳይሞላው፣ በማርች 1758፣ የአፓቼዎቹ ጠላቶች የሆኑት ኮማንቼዎችና አጋሮቻቸው 2,000 ያህል ሆነው መጥተው አቃጠሉት። ከሞቱት ሁለቱ መነኮሳት ነበሩ።

ቦታው ራሱ ጠፍቶ ኖሮ በ1993 ነው የተገኘው። እንዴት እንዳገኙት ልጁ አስረድቶኛል፣ እኔ የያዝኩት የተቃጠለ ምርጊት ማግኘታቸውን ብቻ ነው። እማዬ «ምርጊት? እንደኛ ቤት?» ብላ ደነገጠች።

የሰው እርሻ ስለሆነ አልገባንም። ልጁ ከመንገድ ዳር ቆመና «እማማ፣ እዚህ የሚታይ ነገር የለም፤ ሜዳ ነው» አላት። ከዚያ ከመኪናው ኋላ ተጣጣፊ ወንበር አወጣ። ለእሷ ብሎ ነው ይዞ የመጣው! ጥላ ፈልጎ አስቀመጣት፣ እሱ ሣሩ ላይ ቁጢጥ ብሎ ጥያቄዋን ሁሉ በአማርኛ መለሰላት። አንድ ሰዓት ሙሉ።

«እኛም አገር እኮ መጥተው ነበር» አለችው፣ ጎርጎራን አስባ። «አዎ፣ ጎርጎራ የነበረው የካቶሊኩ ኢየሱሳዊ ቄስ ጴድሮ ፓኤዝም ስፔናዊ ነው» አላት። ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማቸው! አፄ ፋሲል ኢየሱሳውያኑን እንዴት እንዳባረሩ እሷ በተራዋ አስረዳችው። እሱም አላቋረጣትም።

እናት አባት የመጣላችሁ፣ እባካችሁ ለዚህ ልጅ ደውሉለት። እማዬ ጎንደር ተመልሳ እንኳ ስደውልላት መጀመሪያ የምትጠይቀኝ «ያ ባለወንበሩ ልጅ ደህና ነው?» ብላ ነው።