ባለ ምሰሶ የሰርግ ኬክ በድሬዳዋ ሙቀት

በግንቦት ወር ድሬዳዋ ላይ ባለ ሦስት ደርብ የሰርግ ኬክ ማዘዝ ድፍረት ይጠይቃል። የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል፤ የቅቤ ክሬም ደግሞ ገና እዚያ ሳይደርስ መላላት ይጀምራል። ታናሽ እህቴ ግን ደርቦቹ በምሰሶ የተለያዩ፣ መካከላቸው በአበባ የተሞላ ኬክ ካልሆነ አልፈልግም አለች። የኬኩ ኃላፊነት በእኔ ላይ ስለነበር ከዚራ ሰፈር ውስጥ ላለ አንድ ትንሽ ኬክ ቤት ሰጠሁት። በሥራቸው እጅግ ረክቻለሁ።

ሌሎች ቤቶች የአበባ ፎቶግራፍ ሲደረድሩልኝ፣ የዚህኛው ቤት ባለሙያ መጀመሪያ ያነሳችው ክብደቱን ምን እንደሚሸከመው ነበር። የመረጥኳትም ለዚህ ነው። ኬክ ለስላሳ ነገር ነው፤ ምሰሶው በላዩ ላይ ብቻ ከቆመ ቀስ በቀስ ይሰምጣል፣ የላይኛው ደርብም ያዘነብላል። ስለዚህ እርሷ ምሰሶዎቹን እኩል ቆርጣ፣ ኬኩን ዘልቀው ከሥሩ ያለውን ጣውላ እስኪነኩ ድረስ ትሰዳቸዋለች። የላይኛው ሳህን የሚያርፈው በምሰሶዎቹ ጫፍ ላይ ነው እንጂ ክሬሙን አይጫነውም። በሰርጉ ዕለት አዳራሹ ድረስ መጥታ በየሳህኑ ላይ ውኃ ልክ እያስቀመጠች ስትመለከት እንደ ግንበኛ ነበረች። የአዳራሹ ጠረጴዛ ዘመም ያለ ሆኖ ስላገኘችው ከአንዱ እግር ሥር ካርቶን አጥፋ አስገባች፤ ከዚያ በፊት ምንም አልደረደረችም።

ደርቦቹ የመጡት ለየብቻ በካርቶን ታሽገው ነው። ተደራርቦ የተጫነ ኬክ የኮብልስቶኑን መንገድ እንዴት እንደሚችለው አላውቅም። ሽፋኑ ፎንዳንት፣ ማለትም እንደ ሊጥ ተዳምጦ ኬኩን የሚያለብስ የስኳር ሽፋን ነበር፤ ከቅቤ ክሬም የተሻለ ሙቀት ይችላል፣ ነገር ግን ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ወዲያው ሞቃት አየር ካገኘው ያልበዋል። ስለዚህ ቅዝቃዜው እስኪለቀው ካርቶኑን ሳትከፍት ጠበቀች። የሚዜዎቹ ጥድፊያ አላወካትም። ጽጌረዳዎቹን ደግሞ ውኃ ባላቸው ትናንሽ ብርጭቆዎች አድርጋ በምሰሶዎቹ መካከል አቆመቻቸው፤ ግንዳቸው ኬኩን አልነካም፣ እስከ ማታም አልጠወለጉም።

አንድ ነገር በተለይ ማመስገን እፈልጋለሁ። እንደ አብዛኛው የድሬዳዋ ሰርግ የእኛም እንግዶች ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ነበሩ። ፎንዳንቱ ውስጥ ያለው ጄላቲን (ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚወጣ ማያያዣ) ከምን እንደተሠራ፣ ኬኩ የሚርስበት ሽሮፕም አልኮል ይኖረው እንደሆነ ጠየቅሁ። ሳትቀየም የጄላቲኑን ማሸጊያ አምጥታ ሐላል የሚለውን ምልክት አሳየችኝ፤ ሽሮፑ ውኃ፣ ስኳርና ሎሚ ብቻ ነበር። ለጎረቤቶቻችን ያለ ስጋት ቆርሼ አቀረብኩ።

ጣዕሙን በተመለከተ የታችኛው ቸኮሌት ግሩም ነበር። የመካከለኛው ቫኒላ ግን ደረቅ ብሏል፤ ለዚያ ዋጋ አይመጥንም።

ያስከፋኝ ዕቃ አመላለሱ ነው። ምሰሶዎቹና ሳህኖቹ የቤቱ ንብረት ስለሆኑ መያዣ ይከፈልባቸዋል። ሊወስዷቸው የመጡት ግን በዚያው ምሽት፣ ሰው ገና እየጨፈረ ሳለ ነው። ለመልስ ያስቀረነውን የላይኛውን ደርብ በጥድፊያ ወደ ትሪ ማዛወር ግድ ሆነ፤ ጠርዙም ተላጠ። የመያዣው ገንዘብ በማግስቱ ሳይጎድል ተመልሷል። የምታዝዙ ሰዎች ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ዕቃው የሚመለስበትን ቀንና ሰዓት ደረሰኙ ላይ አስጽፉ።