ሺህ ዋቱን ተዉት፣ ስፒከሩን ከጥግ አውጡት

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ያገለገለ ስቴሪዮ እየጠገነ የሚሸጥ ሰው አለ። ስሙን አልጠራም፣ ማስታወቂያ ይመስልብኛል። ባለ ሁለት የእንጨት ሳጥን ስፒከር ያለው አሮጌ ስቴሪዮ ከእሱ ገዝቼ ክረምቱን ሙሉ ሰማሁበት።

ሱቁ ጠባብ ነው፤ የብየዳ ጭስ ይሸታል። ሰውየው ግን ሥራውን ያውቃል። ሌላ ቦታ ካርቶኑ ላይ «10,000 ዋት ፒኤምፒኦ» (ለቅጽበት ያህል ይወጣል የሚሉት፣ ለገበያ የተጋነነ የጉልበት ቁጥር) የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ። እሱ እንዲህ ዓይነቱን ዕቃ ገልብጦ ጀርባውን አስነበበኝ፤ ከሶኬት የሚስበው 60 ዋት ነው። «እታለም፣ 60 በልቶ 10,000 ከየት ያመጣል?» አለኝ። እውነቱን ነው።

በገዛሁት ስቴሪዮ የባሱን ስፒከር ወረቀት (እየተርገበገበ ድምፅ የሚያወጣውን) ዙሪያውን የሚይዘው ስፖንጅ በዕድሜ ተበጣጥሶ ነበር። አዲስ ለጠፈበት። አሁን ባስ ሲመታ አይንተባተብም።

ትልቁ ውለታው ግን ቤቴ ድረስ መጥቶ መትከሉ ነው። መጀመሪያ ስፒከሮቹን ከጥግ አወጣቸው። ጥግ ላይ ባሱ ያብጥና የዘፋኙን ድምፅ ይውጠዋል። ከግድግዳው ክንድ ያህል አራቃቸው። ትንሿን ስፒከር፣ ትዊተሯን፣ ስቀመጥ ከጆሮዬ ትክክል አደረጋት። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀትና ከእኔ ያላቸው ርቀት እኩል ሆነ። ሽቦውን ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር አገናኘ። ከዚያ የአንዱን ሆን ብሎ ገለበጠና «ስሚ» አለኝ። ባሱ ድራሹ ጠፋ! አንዱ ወረቀት ወደ ፊት ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ ስለሚስብ ነው አሉ። ሲመልሰው ተመለሰ።

ወለሌ ሊሾ ነው፤ ድምፁ ይንጫጫል። ምንጣፍ አስነጠፈኝ፣ መስኮቱ ላይም ወፍራም መጋረጃ። ምንም አዲስ የድምፅ ዕቃ ሳልገዛ የዋሽንቱ ትንፋሽ ለብቻው ይሰማኝ ጀመር፤ የማሲንቆው ጭራ ሲፋተግ ሳይቀር። ውድ ሽቦ ግዙ የሚሏችሁን አትስሙ። ለአጭር ርቀት ደህና የመዳብ ሽቦ ይበቃል። (የማርቆስ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ግን የትኛውም ስቴሪዮ አይችለውም፣ አጥፉት።)

ቅሬታም አለኝ። ደረሰኝ አይሰጥም። «ነገ ነይ» ይወዳል፤ ነገውም ሳምንት ሊሆን ይችላል። ዋጋው ላይ ተከራከሩ፣ ይቀንሳል። በ12 ሚካኤልና በ21 ማርያም ሱቁ ዝግ ነው፤ ከሩቅ የምትመጡ ቀኑን አይታችሁ ኑ።