የውሻችንን የመብረቅን ሆድ ላረጋጋችልን ዶክተር፦ ምስጋናም ጥቆማም (ግሬይሃውንድ ያላችሁ አንብቡት)

ዛሬ የምጽፈው ስለ አንዲት የእንስሳት ሐኪም ነው። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ፣ ምስጋናውን ውስጤ ይዤ መቀመጥ አልሆነልኝም። በተለይ ከሩጫ ውድድር የወጣ ግሬይሃውንድ (ለሩጫ የሚያገለግል ቀጭን የውሻ ዘር ነው) አዶፕት ያደረጋችሁ ወይ ለማድረግ የምታስቡ ሰዎች እባካችሁ ሳትጨርሱት እንዳታልፉ።

ውሻችን መብረቅ ትባላለች። ስሙን ያወጣላት ልጄ ነው፣ ይሄ ዘር በሰዓት ወደ 70 ኪሎ ሜትር ይሮጣል ሲባል ሰምቶ፣ እሷ ግን ቀኑን ሙሉ አራት እግሯን ወደ ላይ ሰቅላ ሶፋ ላይ ተኝታ ነው የምትውለው። ስትመጣ ቤት ውስጥ ኖራ ስለማታውቅ ደረጃ ትፈራ ነበር፣ የመስታወት በር ምን እንደሆነ አታውቅም፣ ያንን ሁሉ ቀስ በቀስ ለመደችው። ሆዷ ነው እምቢ ያለው። ምንም ብትበላ ተቅማጥ፣ ሌሊት ተነስታ በር ላይ ቆማ ታለቃቅሳለች፣ ምንጣፍ ማጠብ የዘወትር ስራችን ሆነ፣ ስለ ፈሷማ አላወራም፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ሰው እርስ በርሱ እየተያየ ማን ነው ማን ነው ሲባባል ነው የሚያመሸው።

ከዛ በፊት የሄድንባቸውን ቦታዎች ስም አልጠራም፣ ግን ያቃጠለኝን ካልተናገርኩ አይወጣልኝም። አንዱ ገና ከበር ሳንገባ ጎድኗን አይቶ "ምነው አስርባችኋት ነው እንዴ?" ብሎ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማ አዋረደን። እጁን እንኳን ሳያሳርፍባት ትልቅ ከረጢት ደረቅ ምግብ አሸክሞ ሰደደን፣ ከዛሬ ጀምሮ ይሄን ብቻ ስጧት አለ፣ እንደተባልነው በዛው ቀን ቀየርንላት፣ ባሰባት። ተመልሰን ስንሄድ ሌላ ከረጢት፣ ከዛ ደሞ ሌላ፣ ጓዳችን የውሻ ምግብ መጋዘን መሰለ። ሌላው ቦታ ደሞ ሰውየው ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ "የዘሩ ነገር ነው ልመዱት" ብሎን ገንዘባችንን ተቀበለ። ከሁሉም የባሰው ግን ደም ወስዶ ኩላሊቷ ችግር ያለበት ይመስላል ብሎ ያስደነገጠን ነው፣ ይመስላል ብሎ ብቻ ለቀቀን፣ ያቺን ሌሊት እንዴት እንዳደርናት እኛ ነን የምናውቀው።

ባለቤቴ አንድ ማታ ምንጣፉን እያሸ "ለሰጡን ሰዎች ብንመልሳት ምን ይመስልሻል?" አለኝ። ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ደክሞት ነው። ልጃችን ለካ ከበር ኋላ ሆኖ ሰምቷል፣ ራቱን ሳይበላ ሄዶ እሷ አጠገብ መሬት ላይ ተኛ። ከዛ በኋላ መመለስ የሚባል ነገር በቤታችን አልተነሳም።

ይቺን ዶክተር የጠቆመችን የስራ ባልደረባዬ ነች፣ እድሜ ይስጣት። እውነቱን ለመናገር ተስፋ ኖሮኝ አይደለም የሄድኩት፣ እስቲ ይሄንንም ልየው ብዬ ነው። ስንገባ መብረቅ እግሯ ይንቀጠቀጣል፣ ወለሉ ያንሸራትታታል፣ ሽታው አስፈርቷታል። ዶክተሯ ጠረጴዛ ላይ አውጧት አላለችም። ጥግ ላይ ተጠቅልሎ የነበረ የጎማ ምንጣፍ አምጥታ ዘረጋችና ከነጋወኗ መሬት ቁጭ ብላ፣ ጎኗን ለውሻዋ ሰጥታ እኛን ማናገር ጀመረች። አላየቻትም፣ አልጠራቻትም። ትንሽ ቆይቶ መብረቅ በራሷ ጊዜ ጠጋ ጠጋ ብላ ያንን ረጅም አፍንጫዋን የዶክተሯ ትከሻ ላይ ጣል አደረገችው። ያኔ ነው ሆዷን መዳበስ የጀመረችው፣ ያውም ወሬዋን ሳታቋርጥ። እኔ እዛው እንባዬ መጣ፣ እንዲህ ያያት ሰው አልነበረማ።

ከዛ የጠየቀችን ጥያቄ፦ "ውድድር ላይ እያለች ምን ነበር የምትበላው?" እስከዛ ቀን ድረስ ይሄን የጠየቀን ሰው የለም! ለሰጡን ሰዎች እዛው ሆነን ደወልን፣ ጥሬ የተፈጨ ስጋ ከደረቅ ምግብ ጋር እየተቀላቀለ ነበር አሉ። ስታስረዳን ከዛ አይነት ምግብ የወጣን ሆድ ባንዴ ሌላ ነገር ላይ መወርወር፣ እሱንም በየጊዜው መቀያየር፣ ጤነኛ ውሻንም ያስቀምጣል። ቀጥላ "ሰገራዋ ተመርምሯል?" አለች። ምንም! ያ ሁሉ ከረጢት ሲሸጥልን አንድም ሰው ሰገራዋን አላየም። የማግስቱን ትኩስ ናሙና ወሰድንላት፣ ማታ ላይ ራሷ ደወለች፣ እሷው ራሷ፣ ጸሐፊ አይደለችም፣ "እህቴ ዛሬ ተኝተሽ እደሪ፣ የአንጀት ትል ነው፣ እናክመዋለን" አለችኝ። የትሉን ስም ነግራኛለች ግን አልያዝኩትም። የያዝኩት መድኃኒቱ አንዴ ተሰጥቶ እንደማያበቃ፣ እየተደገመ እንደሚሰጥ፣ ግቢ ውስጥ የጣለችውን ወዲያው ወዲያው ማንሳት እንዳለብን ነው፣ ካልሆነ መልሶ ይይዛታል።

ያ ያስለቀሰን የደም ውጤትስ? ወረቀቱን አይታ ፈገግ አለች። የግሬይሃውንድ ደም በተፈጥሮው ከሌላው ውሻ ይለያል አለች፣ ለሌላ ውሻ ከፍ ያለ ወይ ዝቅ ያለ የሚባለው ቁጥር ለነሱ ኖርማል የሚሆንበት ብዙ ነገር አለ፣ የራሳቸው መለኪያ አላቸው። በዛ መለኪያ ስታስተያየው ምንም የላትም። ጎድኗም ቢሆን፣ የመጨረሻዎቹ ጎድኖች ትንሽ ብቅ ብለው መታየታቸው ለዚህ ዘር ትክክለኛው ኪሎ ነው አለች። አሁን መንገድ ላይ "አብሏት እንጂ" የሚለኝን ሰው ቀና ብዬ ነው የማየው።

በጣም የወደድኩላትን ልንገራችሁ። በቃ ይቺም ከረጢቷን ልታሸክመን ነው ብዬ ቦርሳዬን ስከፍት "ቤት ያለውን ሁሉ ፎቶ አንስታችሁ አምጡልኝ" አለች። አመጣንላት፣ ከኋላ ያለውን ደቃቅ ጽሁፍ ስክሪኑን እያሰፋች በጣቷ ተከትላ አንድ በአንድ አነበበችና ሁለቱ አራት አይነት ስጋ የተቀላቀለባቸው ናቸው ለውሻ መጠለያ ስጧቸው፣ ይሄኛው አንድ አይነት ስጋ ብቻ ነው ያለው፣ ይሄ ይበቃችኋል፣ ምንም አትግዙ አለችን። ምንም አትግዙ! አንድ ሳንቲም ልታገኝበት ስትችል!

አመጋገቧን እንዳለችን ነው የምንከተለው። ሆዷ ዕረፍት እንዲያገኝ ለጥቂት ቀን ቅመምም ዘይትም የሌለው ቆዳው የወጣ የተቀቀለ ዶሮ በሩዝ፣ አንድ ማንኪያ የተቀቀለ ዱባ ጣል እየተደረገበት። ከዛ አዲሱን ምግብ መጀመሪያ 25% ብቻ፣ ሆዷ ሲቀበለው ግማሽ በግማሽ፣ ከዛ 75%፣ እንዲህ እያለ ከ7 እስከ 10 ቀን ድረስ፣ ከተበላሸ አንድ ደረጃ ወደኋላ መመለስ። ባንዴ ብዙ ሳይሆን በቀን 2 ወይ 3 ጊዜ ከፋፍሎ። በመሀል ብስኩት የለም፣ እንግዳ በእጁ የሚያጎርሳትም ምግብ ነው አለች፣ ወተትም የለም። ይሄ ካልሰራ ቀምሳው በማታውቀው ስጋ ቢያንስ 8 ሳምንት የሚፈጅ ሌላ ሙከራ አለ ብላን ነበር፣ ለኛ አላስፈለገም ተመስገን።

ይሄን ደሞ ሁላችሁም ያዙልኝ፦ እንደ ግሬይሃውንድ ደረታቸው ጥልቅ የሆኑ ውሾች በልተው ወዲያው መሮጥ የለባቸውም፣ ጨጓራቸው ሊነፋና ሊጠማዘዝ ይችላል። ሆዷ ከተነፋ፣ ልታስመልስ እየታገለች ምንም ካልወጣት፣ መቆምም መተኛትም ካቃታት፣ ሌሊትም ቢሆን ይዛችሁ ሩጡ፣ ሲነጋ እንወስዳታለን አትበሉ፣ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል።

ደግሞ ፍሪጅ ላይ የሚለጠፍ ሥዕል ሰጠችን፣ የሰገራ ሥዕል ነው፣ አትሳቁ፣ ከ1 እስከ 7 ቁጥር አለው፣ 7 ውሃ ማለት ነው፣ 2 ከሆነ እልል በሉ። ስር ደብተር አንጠልጥለን የበላችውንና የወጣውን እንጽፋለን። ልጄ ከግቢ እየጮኸ ሲገባ ነው የምንሰማው፣ "እማዬ 2 ነች! 2 ነች!"፣ አንዴማ እንግዶች ተቀምጠው ምኗ ነው 2 ብለው ጠየቁ፣ ባለቤቴ ፈተና ነው ብሎ አለፈው።

አሁን ሌሊቱን ትተኛለች፣ ጸጉሯ ያበራል፣ ፈሷም ቀንሷል (ጠፍቷል አላልኩም)። ዶክተርዬ እጅሽ ይባረክ፣ እድሜና ጤና ይስጥሽ፣ እንዳሳረፍሽን እግዜር ያሳርፍሽ!

ቅሬታ ካላችሁኝ ወረፋው ነው፣ አንዱን ታካሚ ሳትጨርስ ሌላውን ስለማትቀበል ያስጠብቃል፣ ግን ጠብቁ፣ እመኑኝ ጠብቁ። ስሟን እዚህ ያልጻፍኩት እሷው አደባባይ ላይ አታውጪኝ ስላለችኝ ነው፣ ኢንቦክስ ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ። ስትሄዱ የዛን ቀኑን ሰገራ በንጹህ እቃ ይዛችሁ ሂዱ፣ ቤት ያለውን ምግብ ከፊትም ከኋላም ፎቶ አንሱት፣ በፊት ምን ትበላ እንደነበር ለሰጧችሁ ሰዎች ቀድማችሁ ደውሉ፣ ትጠይቃችኋለች።