የሠርግ ካተሪንግ፦ ሜኑው ረዝሞ ዶሮው ሲያልቅ

አዲስ አበባ ላይ ሠርግ ለሚደግስ ሰው ሦስት መንገድ አለ። አዳራሹንም ምግቡንም መጠጡንም አንድ ላይ የሚሸጥ ሆቴል፣ የተከራያችሁት አዳራሽ ድረስ ምግቡን ጭኖ የሚመጣ ካተሪንግ፣ ወይም ከእድር ድንኳንና ድስት ወስዶ፣ ወጥ ሠሪ ቀጥሮ ግቢ ውስጥ መደገስ። ሦስቱንም የምንመዝናቸው በአንድ ጥያቄ ነው፤ 400 ሰው ከተጠራ 300ኛው ሰው ቡፌው ጋ ሲደርስ ምን ያገኛል? የመጀመሪያዎቹ 50 ሰዎች የትም ቢሆን ጥሩ በልተው ነው የሚሄዱት። ድግስ የሚታማው ከሰልፉ ጫፍ ነው።

ካተሪንጎች 25 እና 30 ዓይነት ምግብ የተደረደረበት ሜኑ ማሳየት ይወዳሉ። ዝርዝሩን ቁጭ ብላችሁ ስታዩት ግማሹ ሩዝ፣ ፓስታ፣ የተቀቀለ አትክልትና አራት አምስት ዓይነት ሰላጣ ነው። እነዚህ ለአቅራቢው ርካሽ ናቸው፤ ዋጋው ላይ ግን ከክትፎው እኩል ቆጥሮ ያስገባቸዋል። እንግዳው ደግሞ ዶሮ፣ ክትፎ፣ ጥብስና ጥሬ ሥጋ ጋ ነው የሚቆመው። 12 ዓይነት በቂ ነው። ከዚያ በላይ ያለውን አስቀንሱና በልዋጩ የዶሮውን ቁጥር አስጨምሩ። ይህን ስትጠይቁት ፊቱን የሚያጠቁር አቅራቢ ትርፉን ከየት እንደሚያወጣ ነገራችሁ ማለት ነው።

ዶሮ ወጥ የካተሪንግ ሁሉ መፈተኛ ነው። አንድ ዶሮ በወጉ 12 ብልት ስለሚወጣው፣ 400 ሰው ለ12 ተካፍሎ 34 ዶሮ ይበቃል የሚል ሒሳብ ይቀርብላችኋል። ወረቀት ላይ ልክ ነው፤ ቡፌ ላይ አይሠራም። ክንፉንና ጀርባውን ማንም ስለማያነሳው ድስት ውስጥ ይቀራል፤ ሰው እግሩንና ፈረሰኛውን ፈልጎ በጭልፋ ያገላብጣል። ከአንድ ዶሮ 8 የሚነሳ ብልት ብላችሁ አስሉ፤ 50 ዶሮ ይመጣል። እንቁላሉ ሲላጥ የሚፈርሰውን ጨምሮ 420 ይሁን።

ሽንኩርቱ ለአንድ ዶሮ ከ1 ኪሎ ተኩል እስከ 2 ኪሎ ሲታሰብ ለ50 ዶሮ ከ75 እስከ 100 ኪሎ ነው። ችግሩ እዚህ ይጀምራል። ያን ሁሉ ሽንኩርት አንድ ግዙፍ ድስት ላይ ከጣዱት ውሃውን ያወጣና በገዛ ውሃው ይቀቀላል እንጂ አይቁላላም። ላዩ ሳይበስል ታቹ ያራል። ያወቀ ወጥ ሠሪ ለሦስትና ለአራት ድስት ይከፍለዋል። የቸኮለው ደግሞ ሽንኩርቱን በማሽን ይፈጨዋል፤ የተፈጨው ቶሎ የበሰለ ይመስላል፣ ግን ወጡ ጎምዘዝ ይላል፤ ማታ ደግሞ ቃር ያስነሳል። በእጅ ይከተፍ ብላችሁ ውል ላይ አስጽፉ። ሽንኩርቱ ብቻውን ሁለትና ሦስት ሰዓት፣ በርበሬው ከገባ በኋላ ደግሞ ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል እሳት ይፈልጋል። ለማወቅ ቀላል ነው፤ አንድ ማንኪያ ወጥ ነጭ ሳህን ላይ አድርጉና ሳህኑን ዘንበል አድርጉት። ቀይ ውሃ ቀድሞ ከወረደ ቁሌቱ አልበሰለም። ቅባቱ ጠርዙ ላይ ቀርቶ ወጡ ተያይዞ ዝግ ብሎ ከወረደ ግን ጨርሷል።

ቅምሻ ላይ የሚቀርብላችሁ ዶሮ ለስድስት ሰው በትንሽ ድስት የተሠራ ስለሆነ ምንጊዜም ጣፋጭ ነው። ስለ 400 ሰው ድስት የሚነግራችሁ ነገር የለም። የሚሻለው አቅራቢው ሌላ ሰው ጋ ሲሠራ፣ በባለ ድግሱ ፈቃድ፣ እንግዳው አጋማሽ ላይ ሲደርስ ሄዶ ማየት ነው። ሁለተኛው ድስት ትኩስ ሆኖ ወጣ ወይስ ቀዝቅዞ? እንቁላሉ አለ ወይስ መረቅ ብቻ ቀርቷል? ይህን ለማሳየት የማያቅማማ ካተሪንግ ካገኛችሁ ዋጋው ትንሽ ቢጨምርም ያዙት።

ክትፎ ሌላ ጣጣ አለው። ጥሬና ለብለብ የተባለው ክትፎ ከእሳት በላይ ማሞቂያ ላይ ሲቀመጥ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ከታች ጀምሮ ግራጫ ይሆንና ሁሉም የበሰለ ይሆናል። ማሞቂያው ጠፍቶ ከተቀመጠ ደግሞ በጥር ብርድ ቅቤው ይረጋል። የተከተፈ ጥሬ ሥጋ ደግሞ ከሁለት ሰዓት በላይ ደጅ መቆየት የለበትም፤ በሙቀት ቀን ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ። መፍትሔው አንድ ብቻ ነው፤ ሥጋው ተከትፎ ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ፣ ቅቤው ቀልጦ ለብ እንዳለ ይጠብቅ፣ ክትፎው ሰልፉን እየተከተለ ለ50 ሰው ለ50 ሰው ያህል እየተለወሰ ይውጣ። ይህን የሚሠራ አንድ ሰው እዚያው መኖር አለበት። ከማዕድ ቤት ተለውሶ፣ ተጭኖ፣ በትራፊክ መሀል አቋርጦ የሚመጣ ክትፎ ይቅርባችሁ። ቅቤ ስትገዙም ከአንድ ኪሎ ለጋ ቅቤ ሲነጠር ወደ 8 መቶ ግራም ገደማ ብቻ እንደሚቀር ቆጥራችሁ ግዙ።

ጥሬ ሥጋ የሚቆረጥ ከሆነ ሒሳቡ ከበሬው ይጀምራል። 300 ኪሎ የሚመዝን በሬ ሲታረድ የሚሰቀለው ግማሹ ያህል ነው፤ አጥንቱ ሲወጣ ወደ 100 ኪሎ ቀይ ሥጋ ይቀራል። ለአንድ ሰው በጠቅላላው 250 ግራም ብትሉ 400 ሰው ላይ ልክ ይመጣል፤ ቁርጡም ክትፎውም ጥብሱም ከዚያው ነው። ለቁርጥ ሻኛና ጎድን ተዳቢት ይለያል፣ ጅማት የሌለው ቀዩ ወደ ክትፎ ይሄዳል። ለ100 ሰው አንድ ቆራጭ መድቡ፤ ከዚያ ካነሰ ሰልፉ ቡፌውን ይዘጋዋል። በቄራ የታረደና የሐኪም ማኅተም ያለው መሆኑን በዓይናችሁ እዩ፤ ምርመራው ኮሶን ለመቀነስ ይረዳል፣ ሙሉ ዋስትና ግን አይደለም። ድንኳን ውስጥ ሥጋው በፀሐይ አቅጣጫ እንዳይሰቀል አስቀድሞ ቦታው ይመረጥ።

ሆቴሎቹን በተመለከተ ንጽህናው፣ ጄኔሬተሩና ሳህኑ አያሳስባችሁም፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዋጋው ላይ ግን ንቁ። በአንድ ሰው 1000 ብር ተብሎ «ታክስና ሰርቪስ ሳይጨምር» ካለ፣ 10 በመቶ ሰርቪስ ሲጨመር 1100፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ተ.እ.ታ ሲመጣ 1265 ብር ነው። ለ400 ሰው 106,000 ብር ልዩነት። መጠጥ ከውጭ ስታስገቡ በየጠርሙሱ ኮርኬጅ የሚባል የማስገቢያ ክፍያ ይጠየቃል፤ ዋናው ክርክር ያለው እዚህ ስለሆነ ከምግቡ በፊት እሱን ጨርሱ። ደግሞም ሆቴል ያስመዘገባችሁትን ቁጥር ሙሉ ያስከፍላል፣ 60 ሰው ቢቀርም። ከጠራችሁት 85 በመቶውን አስመዝግቡና እስከ 10 በመቶ ጭማሪ ለመቀበል ዝግጁ እንዲሆኑ አስማሟቸው። የተረፈ ምግብ ማውጣት የማይፈቅዱም አሉ፤ የመልስ እራት በትርፉ ይሸፈናል ብላችሁ ካሰባችሁ መጀመሪያ ጠይቁ።

ስለ መልስ ካነሣን፣ ቀን ስትቆርጡ የነነዌን ጾም አትርሱ። ሁልጊዜ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ነው የሚውለው፤ ከጥር 17 ቀድሞ አይገባም፣ ከየካቲት 21 አያልፍም። ዋዜማው እሑድ ሠርግ አድርጎ ሰኞ መልስ የሚጠራ ሰው ዶሮውን ለማን ሊያበላ ነው? በአንጻሩ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው ጊዜ ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም ቀን መምረጥ ይቀላል። ፍስክ ቢሆንም ግን በስእለት የሚጾምና ሥጋ የማይበላ አይጠፋም፤ ለ10 በመቶው እንግዳ ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመንና ፎሶሊያ በዘይት ይሠራ። የሙስሊም ምግብ ደግሞ ጥግ ላይ የተቀመጠ አንድ ሳህን ሥጋ አይደለም። በሙስሊም የታረደ፣ በሌላ ድስትና በሌላ ጭልፋ የተሠራ፣ ከቢራው ራቅ ያለ የራሱ ጠረጴዛና የራሱ አስተናጋጅ ያለው መሆን አለበት። ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው የተሻገረ አንድ ጭልፋ ልፋቱን ሁሉ ያበላሻል።

መጠጥ በቆጠራ ነው የሚያልቀው። ከ400 ሰው ግማሹ ቢራ ይጠጣል፣ በአማካይ ሦስት ተኩል ጠርሙስ ብትሉ 700 ጠርሙስ፣ በ24 ሲካፈል 30 ሳጥን። ለስላሳ 21 ሳጥን፣ ግማሽ ሊትር ውሃ ባለ 12ቱ 50 እሽግ። ያልተከፈተ ሳጥን የሚመልስ አከፋፋይ ፈልጉ፣ የባዶ ሳጥንና ጠርሙስ ማስያዣውንም ጻፉ። 700 ጠርሙስ ጠዋት ፍሪጅ ቢገባ ለምሳ አይቀዘቅዝም፤ ከዋዜማው ማታ ይጀመር። የጎደለውን በርሜል ውስጥ በረዶና ውሃ ቀላቅላችሁ ንከሩት፤ በረዶ ብቻውን ከጠርሙሱ ጋር በደንብ ስለማይነካካ ይዘገያል። ድራፍት ካመጣችሁ በርሜሉ ከመኪና ወርዶ እስኪረጋ ጥቂት ሰዓታት ይቆይ፣ አለዚያ የምትቀዱት አረፋ ነው። ጠጁን ከተዘጋጀ ቦታ ስትገዙ አንድ ቀን ቀድማችሁ ቅመሱ፤ ገና እየፈላ ያለ ጠጅ ተዘግቶ ሲጫን ጀሪካኑን ይነፋዋል። ለማይጠጣ ሰው ብርዝ ለብቻው ይቀዳ። ሒሳቡን ስትዘጉ የተከፈተ የተባለውን ሳይሆን ባዶውን ጠርሙስ ቁጠሩ፤ ለዚህ አንድ የማያፍር ዘመድ ይመደብ።

የቤት ድግስ ጣዕሙ ከሁለቱም ይበልጣል፣ ዶሮውም የሚበላው ሰው ፊት ነው የሚሠራው። የሚያጣላው የሰው ኃይል ነው። ወጥ ሠሪዎቹ እንጂ አስተናጋጆቹ አይታሰቡም፤ ለ25 ሰው አንድ አስተናጋጅ፣ ከእንግዳው ቁጥር በ30 በመቶ የበለጠ ሳህን፣ ለ100 ሰው ከ120 እስከ 150 እንጀራ ያስፈልጋል። እንጀራው ዋዜማውን ማታ ይጋገር፤ ትኩሱ ተደራርቦ ከተሸፈነ ያልበዋል፣ ይጣበቃል።

የትኛውንም ብትመርጡ ቡፌው ሁለት መስመር ይኑረው። በአንድ መስመር በደቂቃ አራት ሰው ያህል ያልፋል፤ 400 ሰው በአንድ መስመር ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይሰለፋል፣ በሁለት መስመር 50 ደቂቃ ይበቃዋል። ሙሽሮቹ ከፎቶ ዘግይተው ስለሚመጡ፣ ለ6 ሰዓት ተኩል የተጠራ ምሳ 8 ሰዓት ሊከፈት ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ድስት ብቻ ቡፌ ላይ ይውጣ፣ ሁለተኛው ክዳኑ ሳይከፈት ይጠብቅ። ክፍያውን ሦስት ቦታ ክፈሉት፤ ቀብድ፣ ከዋዜማው በፊት ዋናው፣ 20 በመቶው ደግሞ ሁለተኛው ድስት ወጥቶ ከታየ በኋላ።