የሃይሉክስ ባሌስትራና አሞርዛተር ቅየራ፦ በሳነቴና በሐረና መንገድ ዘጠኝ ወር ከሠራ በኋላ

ይህ ግምገማ የሚመለከተው እ.ኤ.አ. በ2010 በተመረተና 2.5 ሊትር የናፍጣ ሞተር ባለው ቶዮታ ሃይሉክስ ደብል ጋቢና ላይ፣ የፋብሪካውን የኋላ ባሌስትራ (ተደራርቦ ጭነት የሚሸከመውን ቅስት ብረት) እና አሞርዛተር (ንጥረቱን የሚያበርደውን የዘይት ቱቦ) አውጥቼ ያስገጠምሁትን ኦልድ ማን ኢሙ የተባለ የአውስትራሊያ ዕቃ ነው። መኪናው የሚሠራው በባሌ ነው። ከሮቤ ተነሥቶ በጎባ በኩል ወደ ሳነቴ አምባ ይወጣል፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ሜዳ አቋርጦ የሐረናን ቁልቁለት በመውረድ ደሎ መና ይገባል፤ ሲመለስ ስድስት ወይም ሰባት ኩንታል ማርና ቡና ጭኖ ያንኑ ዳገት ይወጣል። ባዶውን ሄዶ ተጭኖ የሚመለስ መኪና በመሆኑ የባሌስትራው ጠባይ በአንድ ጉዞ ከሁለቱም ወገን ይታያል።

ለውጡን ያስገደደኝ ከዚያ በፊት የተደረገ ጥገና ነው። የፋብሪካው ባሌስትራ ደክሞ ካሶኒው ወደ ኋላ መቀመጥ ሲጀምር፣ አንድ ጋራዥ ከሌላ የጭነት መኪና የወጡ ሁለት ሁለት ዝርግ ብረቶች በየጎኑ ደረበልኝ። መኪናው ቀና አለ፤ እኔም ሥራው ተሠራ ብዬ ከፍዬ ወጣሁ። ሳነቴ ላይ ግን ጠጠሩ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ በተሸበሸበበት ስፍራ፣ የኋላ ጎማዎቹ ጉብታውን ተከትለው ከመውረድ ይልቅ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ይነጥሩ ጀመር። በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ስሄድ መታጠፊያው ላይ የመኪናው ኋላ ወደ ውጭ ይሸሻል። በክረምት በሐረና ጭቃ ደግሞ አንደኛው ጎማ ተንጠልጥሎ ሲሽከረከር ሌላው መሬት ላይ ዝም ይላል።

ነገሩን ሳስበው ጥፋቱ የብረቱ ማነስ ሳይሆን መብዛቱ ነበር። ባሌስትራ በፒካፕ ላይ ሁለት ሥራ አለው፤ ጭነቱን ይሸከማል፣ አክስሉንም (ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያገናኘውን ዘንግ) ከሻሲው፣ ማለትም ከመኪናው አጽም ጋር አያይዞ በቦታው ያቆያል። ጎማ መንገድ የሚጨብጠው መሬቱን እስከነካ ድረስ ብቻ ነውና፣ ባዶ ካሶኒ ሥር የማይተጣጠፍ ባሌስትራ ጎማውን ወደ ጉድጓዱ ስለማያወርደው መጨበጡ ይቋረጣል። ለሁለቱ ጎማዎች ኃይል የሚያካፍለው ዲፍረንሻል ቁልፍ ከሌለው ደግሞ የሞተሩ ኃይል መሬት በለቀቀው ጎማ በኩል እንዲባክን ያደርጋል። በዚህ ላይ በዳገት ነዳጅ ሲሰጥ አክስሉ ራሱ ወደ ኋላ ለመዞር ስለሚታገል፣ የባሌስትራው የፊት ግማሽ ወደ ላይ፣ የኋላው ግማሽ ወደ ታች ይጎብጣል፤ ጎማው ሲያዳልጠው ብረቱ ተፈናጥሮ ይመለሳል፣ እንደገናም ይጎብጣል። ብዙ ሾፌር የካምቢዮ ችግር አድርጎ የሚወስደው የኋላ ድብደባ አንዳንዴ ከዚህ ሌላ ምንጭ የለውም።

ባሌስትራውን ጨርሶ አስወግዶ በሞላና በዘንጎች መተካትንም አስቤ ነበር። ራም 1500 እ.ኤ.አ. በ2009 ሞዴሉ፣ ኒሳን ናቫራም እ.ኤ.አ. በ2014 በጀመረው ትውልዱ በአንዳንድ ሞዴሎች ላይ ይህንኑ ከፋብሪካ ይዘው ወጥተዋል፤ ባዶውን ለሚነዳ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ምቾት የለም። ለሃይሉክስ ግን ሻሲው ላይ አዳዲስ ማያያዣዎችን መበየድን ይጠይቃል፣ ሸክሙንም ቀድሞ ባልተሠራለት የሻሲ ክፍል ላይ ያሳርፋል። ደሎ መና ላይ ባሌስትራ ቢሰበር ጠግኖ የሚያስኬደኝ ሰው አገኛለሁ፤ የተጣመመ የሞላ ዘንግ የሚያቃናልኝ አላገኝም። ሸክም የሚሸከመውን በአየር የሚነፋ ከረጢት ደግሞ ሹል ድንጋይ በበዛበት መንገድ አልሞከርሁትም፣ ልሞክረውም አልፈለግሁም።

ስለዚህ የመረጥሁት ዳካር የሚባለውን የኦልድ ማን ኢሙ ባሌስትራ፣ ናይትሮቻርጀር ከሚባለው አሞርዛተር ጋር ነው። ባሌስትራው የሚሸጠው በመኪናው ላይ ዘወትር በሚኖረው ጭነት መጠን ተለይቶ ሲሆን፣ የብረቶቹ ጫፍ እርስ በርስ እንዳይፋተግ ማለስለሻ ንጣፍ አለው፤ ከዋናው ብረት ሥር ያለው ሁለተኛው ብረት ደግሞ የዋናውን ዓይን (ብሎን የሚገባበትን የተጠቀለለ ጫፍ) ስለሚጠቀልል፣ ዋናው ቢሰበር እንኳ አክስሉ ወዲያው ከቦታው አይሸሽም። አሞርዛተሩ በዘይቱ ላይ የናይትሮጅን ጋዝ ግፊት ያለው በመሆኑ፣ በረጅም ኮረኮንች ላይ ዘይቱ አረፋ እየሆነ ኃይሉን እንዳያጣ ይረዳዋል። ዕቃውን ያስመጣሁት ከዱባይ በጭነት ነው፤ ባሌስትራ ከባድ ስለሆነ ማጓጓዣው ከገመትሁት በላይ አስወጥቶኛል።

ገጠማው አዲስ አበባ አንድ ቀን ሙሉ ወሰደ። የሠሩልኝ አረጋዊ መካኒክ ሥራው ሲያልቅ የዓይን ብሎኖቹን ሳያጠብቁ ክሪኩን ሲያወርዱ አይቼ የረሱት መስሎኝ ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ጎሚኒ የሚጠብቀው መኪናው በእግሩ ሲቆም ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። መኪናው ተንጠልጥሎ ብሎኑ ከጠበቀ፣ ወደ መሬት ሲወርድ በባሌስትራው ዓይን ውስጥ ያለው ጎማ የተለበሰው ጎሚኒ እንደተጠማዘዘ ይቀራል፣ ሳይቆይም ይበጣጠሳል። አክስሉን ከባሌስትራው ጋር አንቀው የሚይዙት ቅስት ብሎኖችም አንድ ጊዜ ከተሳቡ በኋላ ዳግም መግጠም ስለማይገባ፣ አሮጌዎቹ ተጥለው በአዲስ ተተኩ።

ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚሻው ግን ፍሬኑ ነው፤ ብዙ ገጣሚ የሚዘለውም እሱን ነው። በሃይሉክስ የኋላ አክስልና በሻሲው መካከል፣ በዘንግ ተያይዞ የጭነቱን መጠን በከፍታ የሚለካ የፍሬን ቫልቭ አለ። አዲሱ ባሌስትራ መኪናውን ወደ አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ስላነሣው፣ ቫልቩ ካሶኒው ሁልጊዜ ባዶ እንደሆነ ቆጥሮ ለኋላ ፍሬን የሚሄደውን ግፊት ይቀንሳል። ሰባት ኩንታል ጭኖ ከሳነቴ ወደ ጎባ ለሚወርድ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የቫልቩ ማያያዣ በዚያው ልክ ከፍ ተደርጎ ተስተካከለልኝ፤ የኋላው የፍሬን ቱቦም አክስሉ ሙሉ በሙሉ ሲወርድ እንደማይወጠር ታየ። ባሌስትራ ለማስቀየር የሚያስብ ሰው ጋራዡን አስቀድሞ ስለዚህ ቫልቭ ይጠይቅ፤ የምን ቫልቭ ነው ካሉት ሌላ ጋራዥ ይፈልግ።

ውጤቱን ስናገር ከጭነቱ ልነሣ። ስድስት ኩንታል ጭኖ መኪናው ወደ ኋላ አይቀመጥም፤ መብራቱ የዛፍ ጫፍ ማብራት ትቶ መንገዱ ላይ ይወድቃል፣ መሪውም አይቀልም፣ ምክንያቱም የፊት ጎማዎቹ ክብደታቸውን አላጡም። በሐረና ዳገት ላይ ያ ድብደባ ጨርሶ ጠፍቷል ባልልም፣ የሚሰማኝ በጣም በሚያንሸራትት ጭቃ ላይ ነዳጅ ሳበዛ ብቻ ነው። ቀድሞ ከባዱን (ዝግ ያለውን) የፎር ዊል ማርሽ የሚጠይቁኝን ሁለት ስፍራዎች አሁን በተለመደው ፎር ዊል አልፋቸዋለሁ። ባዶውን ሳነቴን ሳቋርጥ ኋላው መንገዱን ይዞ ይሄዳል፤ ለዚህ ምስጋናውን ከባሌስትራው ይልቅ ለአሞርዛተሩ እሰጣለሁ። ገንዘቡ ለሁለቱም የማይበቃው ሰው፣ የፋብሪካው ባሌስትራ ካልደከመ፣ አሞርዛተሩን ብቻ ቢቀይር የጥቅሙን ትልቅ ክፍል ያገኛል ብዬ አምናለሁ።

ያልወደድሁትም አለ። መኪናው ከፍ በማለቱ እናቴ ያለ መወጣጫ ጋቢና መግባት አቅቷቸዋል። ቅስት ብሎኖቹ ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና መጥበቅ ነበረባቸው፤ ሳሳይ ሩብ ዙር ያህል ላልተው ተገኙ። ባዶውን የሚሰማኝ ጥንካሬ ደግሞ የዕቃው ሳይሆን የምርጫዬ ጥፋት ነው፤ የትእዛዙን ቅጽ ስሞላ ዘወትር የምሸከመውን ሳይሆን በቡና ወቅት አልፎ አልፎ የምሸከመውን ከፍተኛውን ጭነት ጻፍሁ። ዳግም ባዝዝ አንድ ደረጃ ለስላሳውን እወስዳለሁ፤ እስከዚያው ባዶውን ስሄድ የኋላ ጎማዎቹን ነፋስ ትንሽ ቀነስ እያደረግሁ፣ ደሎ መና ስደርስ ከመጫኔ በፊት ጎሚስታ ዘንድ መልሼ አስነፋለሁ።