ሁለት ክረምት ያሳለፈ የጭስ ደወል፦ ከደብረ ብርሃን የቀረበ ግምገማ

ኅዳር 2016 ላይ ከመርካቶ ገዝቼ ደብረ ብርሃን ባለው ቤታችን ኮርኒስ ላይ የሰቀልኩት የጭስ ማስጠንቀቂያ ደወል በዚህ ወር ሁለት ዓመት ሞላው። ባለ ሱቆቹ «ስሞክ ዲቴክተር» የሚሉት ይህ ዕቃ ከሻይ ስኒ ማስቀመጫ ብዙም የማይሰፋ ክብ ነጭ ፕላስቲክ ሲሆን፣ የገዛሁትም ከአንድ ደህና ጋቢ ባነሰ ዋጋ ነው። ግምገማዬን እስካሁን ያዘገየሁት ሆን ብዬ ነው፤ እንዲህ ያለ ዕቃ በተገዛበት ቀን ሁሉም ይጮኻል፣ ልዩነቱ የሚታወቀው አቧራ ከጠጣ፣ ባትሪው ከደከመና ቤተሰቡ ከተሰላቸበት በኋላ ነው።

ስገዛ መጀመሪያ ያጣራሁት ዓይነቱን ነበር። አንደኛው ዓይነት አሜሪሲየም 241 የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር በጣም በጥቂቱ የያዘ ሲሆን፣ ቦግ ብሎ የሚነድ እሳት ለሚያወጣው ረቂቅ ጭስ ይፈጥናል። ሁለተኛው በብርሃን የሚሠራው ነው፤ ውስጡ ባለች ጨለማ ክፍል ብርሃን አመንጪውና ብርሃን ተቀባዩ ፊት ለፊት እንዳይተያዩ ሆነው ተቀምጠዋል፤ ጭስ ሲገባ ብርሃኑን ይበትነውና ከፊሉ ተቀባዩ ላይ ያርፋል፣ ደወሉም ይጮኻል። እኔ በእኛ ቤት የምፈራው ከከሰል ማንደጃ የተፈናጠረች ፍም ስፖንጅ ፍራሽ ውስጥ ገብታ፣ ሳትነድ ስትጨስ እንዳታድር ስለሆነ፣ ለእንዲህ ያለው እሳት የሚሻለውን ሁለተኛውን መረጥኩ። ሻጩ ልዩነቱን አያውቀውም ነበር፤ ካርቶኑን ገልብጬ ያነበብኩት እኔው ነኝ። የአውሮፓው ደረጃ «ኢኤን 14604» መጻፉንም እዚያው አየሁ። ጽሑፉ ብቻውን ማስረጃ ባይሆንም፣ ደረጃው ድምፁ በ3 ሜትር ርቀት ቢያንስ 85 ዴሲቤል እንዲሆን የሚጠይቅ በመሆኑ፣ ቤት ወስጄ ስሞክረው ጆሮዬን ያስያዘኝ ጩኸት አላሳፈረውም።

ከዕቃው ጋር የመጡት ሁለት ብሎንና ሁለት ፊሸር ለኮንክሪት የታሰቡ ናቸው፤ የእኛ ኮርኒስ ግን ችፑድ ነው። በጣቴ እያንኳኳሁ ሞራሌው ያለበትን ፈልጌ እዚያው አሠርኩት፤ ችፑዱ ላይ ብቻ ቢታሰር የመሞከሪያ ቁልፉ በተጫነ ቁጥር እየላላ መውደቁ አይቀርም ነበር። መጀመሪያ የሰቀልኩት ሳሎን በር ላይ ሲሆን ይህ ስሕተቴ ነበር፤ እሑድ ቡና ሲቆላ ይጮኻል፣ ዕጣን ሲጨስ ይጮኻል፣ በርበሬ የታመሰ ቀንማ ጎረቤት ሁሉ ወጣ። የመኝታ ክፍሎቹን ወደሚያገናኘው መተላለፊያ፣ ከግድግዳው 30 ሴንቲሜትር፣ ከምድጃው ደግሞ ከ3 ሜትር በላይ አርቄ ካዛወርኩት ወዲህ በከንቱ የጮኸው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንደኛው ፍሊት በተነፋበት ዕለት ነበር። እንዲህ ሲሆን ያው የመሞከሪያው ቁልፍ አንዴ ሲጫኑት ለ10 ደቂቃ ያህል ዝም ያሰኘዋል። ይህ ቁልፍ ባይኖር ኖሮ፣ ብዙዎች እንደሚያደርጉት ባትሪውን አውጥቼ ዕቃውን መሳቢያ ውስጥ እከተው ነበር ብዬ አስባለሁ።

በየወሩ መሞከር እንዳለበት መመሪያው ይናገራል፤ ወሩ መግባቱን ማን ያስታውሳል የሚለው ጥያቄ ግን በእኛ ቤት መልስ ለማግኘት አልተቸገረም። ወር በገባ በ12 የሚካኤል ዕለት ነውና ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ በመጥረጊያ እንጨት ጫፍ ቁልፉን እጫናለሁ፤ ሦስት ጊዜ ይጮኻል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ሦስት ጊዜ ይጮኻል። ባለቤቴ በዚያ ሰዓት መኝታ ቤት ገብቶ በሩን ዘግቶ ያዳምጣል፤ መንቃት ያለበት የተኛ ሰው ነውና ከሥሩ ቆሞ መስማት ብቻውን አይበቃም። ቁልፉ የሚያረጋግጠው ባትሪው፣ ድምፅ ማውጫውና የውስጥ ሽቦው ደህና መሆናቸውን ነው እንጂ የአየር መግቢያው በአቧራ አለመደፈኑን አይደለም። አንዳንድ ሰው ይህን ለማወቅ ሲል ክብሪት ወይም ዕጣን ከሥሩ ያጨሳል፤ ጥቀርሻው ውስጡ ስለሚቀር አልመክረውም። እኔ በየሦስት ወሩ አውርጄ በደረቅ ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ዙሪያውን እጠርገዋለሁ። ባለፈው ሰኔ ስከፍተው በመግቢያው ቀዳዳ ላይ አንዲት ደቃቅ ሸረሪት ድሯን ዘርግታ አገኘኋት፤ ቁልፉ ግን ከዚያ በፊት በነበረው የሚካኤል ዕለት ያለ እንከን ጮኾ ነበር።

ስለ ባትሪው ትንሽ ልዘርዝር፤ እዚህ አገር ላለ ሰው ዋናው ጉዳይ እሱ ነውና። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች በመሆኗ ከጥቅምት ጀምሮ ሌሊቱን ውርጭ ይወርዳል። ታኅሣሥ 2017 ላይ አንድ ሌሊት 11 ሰዓት ሲሆን እንደ ጫጩት «ጪው» የምትል ነጠላ ድምፅ ቀሰቀሰችን፤ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ተደገመች። ፀሐይ ወጥታ ቤቱ ሲሞቅ ጠፋች፣ እኛም ረሳናት፤ በማግሥቱ በዚያው ሰዓት ተመለሰች። ነገሩ ምንም ምሥጢር የለውም፤ የደከመ ባትሪ ሲበርደው ኃይሉ ይወርዳል፣ ሲሞቅ ጥቂት ያንሰራራል። ቀን ዝም አለ ተብሎ መተው ግን አይገባም። ባለ 9 ቮልቱን ድንጋይ በአዲስ አልካላይን ከቀየርኩት ወዲህ ሁለተኛው ዓመት ያለ ጫጫታ አልፏል። መብራት ሲጠፋና ሻማ ሲበራ ደወሉ ሥራውን የማያቋርጠው በባትሪ በመሥራቱ ስለሆነ፣ ይህን ያህል ጣጣ አይበዛበትም።

ጀርባው ላይ የታተመው ዓመት 2022 ነው። ጎረቤታችን አይቶት «ገና አራት ዓመት ይሠራል» አለኝ፤ ማብቂያው መስሎት በእኛ ዘመን አንብቦት ነው። የተሠራበት ዓመት በፈረንጆች አቆጣጠር ሲሆን፣ እንዲህ ያለው ደወል ከተሠራ 10 ዓመት ሲሞላው ቢጮኽም ባይጮኽም መለወጥ ስላለበት የእኔው እስከ 2024 ወይም 2025 ዓ.ም. ያገለግላል። ይህንኑ በእኛ ቁጥር በእስክሪብቶ ጽፌ ጎኑ ላይ ለጥፌበታለሁ።

ጉድለት አለው። የባትሪው ክዳን ጥፍር ይሰብራል፤ መመሪያው በእንግሊዝኛና በቻይንኛ ብቻ ነው። ከሁሉ በላይ ግን በካርቶኑ ላይ በጉልህ መጻፍ ሲገባው በመመሪያው መጨረሻ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ አንድ ነገር አለ፤ ደወሉ ከከሰል የሚወጣውን ካርቦን ሞኖክሳይድ አያውቅም። ይህ ጋዝ ሽታም መልክም የለውም፤ በደንብ የቀላ ፍም ጭስ ስለሌለው፣ በብርድ ምክንያት ከሰል መኝታ ቤት አስገብቶ በር የዘጋ ሰው ራሱን እስኪስት ድረስ ኮርኒሱ ላይ ያለው ደወል ዝም ይላል። ለዚያ ራሱን የቻለ ሌላ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ እኛ እስክናገኝ ድረስ ማንደጃው ከመኝታ በፊት ደጅ ያድራል።

ዋጋው አላስጨነቀኝምና ሁለተኛ ገዝቼ መንዝ ለምትኖረው እናቴ ወሰድኩላት። ምድጃው ያለበትን ትልቁን ቤት፣ ኩበቱንና ጥቀርሻ የጠጣውን ጣራ አሳይታኝ፣ «ልጄ፣ እዚህ ቤት ጭስ የሌለበት ሰዓት ካገኘሽ ስቀይልኝ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ለእንዲህ ያለ ቤት ዕቃው አይሆንም፣ ገዝታችሁ አትድከሙ። ለብቻው ባለው፣ ባናዋና እህሏ በሚቀመጥበት ቆርቆሮ መኝታ ቤት ሰቀልኩላት። በየ12ቱ ትደውልልኛለች፤ ስልኩን አልጋው ላይ ታስቀምጥና በምርኩዟ ቁልፉን ትጫናለች፣ እኔም ደብረ ብርሃን ሆኜ ሦስቱን ጩኸት እቆጥራለሁ።